የጓዳ ሀብት

የወንድሟ ድምፅ ከጎረቤት ሬዲዮ ተነስቶ ግድግዳውን ዘልቆ ሲመጣ፣ ልብስ ሰፊዋ እናቷን በግራ ጎኗ አስተኝታ የጀርባዋን ቁስል እየቀባች ነበር። «በየምሽቱ ከሥራ ስመለስ አልጋዋ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ» ይላል ድምፁ፣ ቀስ ብሎ፣ ቃላቱን እየመረጠ። «ጀርባዋን የምቀባት እኔ ነኝ። የቅባቱ ሽታ ከእጄ አይለቅም። ለእኔ ግን ያ ሽታ ሽቶ ነው።» ጋዜጠኛዋ ሳግ ሲይዛት ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ አልተናደደችም። መጀመሪያ የገረማት የቅባቱ ነገር ነው። የሚሸተው ቅባት ቁስሉን እየቆጠቆጠ ስላስቸገራት ከተወችው ሁለት ወር አልፎታል፤ አሁን የምትቀባት ነርሷ ያዘዘችላትን፣ ምንም የማይሸተውን ነው። ወንድሟ በዚህ ቤት ደጃፍ ከታየ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። የዚያን ዕለት የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ሳያስቀምጥ ወንበሩ ጫፍ ላይ አሥር ደቂቃ ተቀምጦ፣ «እዚህ ቤት መስኮት አይከፈትም እንዴ?» ብሎ ወጣ። ለካ ሽታውን ያኔ ይዞት ሄዷል። ጎረቤቷ ግድግዳውን በጡጫ ደበደበችው። «ሰማሽው? ምን ያለ ልጅ ነው በይ! አስለቀሰኝ እኮ!» ይህቺ ጎረቤት በየጠዋቱ የእናትየው አንሶላ ገመዱ ላይ ሲሰጣ የምታይ፣ ባልዲ የምታውስ፣ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን አብራ የምትሸከም ሴት ናት። በዓይኗ ያየችውን ትታ በጆሮዋ የሰማችውን አመነች።

ዕለቱ እሑድ ነው፤ የመጽሐፉ ምረቃ ቀን። «የጓዳዬ ሀብት» ይባላል። ልብስ ሰፊዋ አላነበበችውም፤ አንድ ቅጂ በምረቃው ዕለት እንደሚሰጣት ነግሯታል። እሷ ግን የምትጠብቀው መጽሐፉን አልነበረም። ከወር በፊት በስልክ፣ «ይሄ ነገር ይመረቅልኝ እንጂ እማን ለሦስት ወር እኔ ጋ እወስዳታለሁ፤ አንቺም ትንሽ ትተነፍሻለሽ» ብሏት ነበር። የሰማችው እውነት እንዳልመሰላት ሁሉ ሁለቴ አስደገመችው። በማግስቱ ወደ ስፌት ቤቱ ሄዳ የድሮ ቦታዋን ጠየቀች። ባለቤቲቱ ከሆስፒታል የበሽተኛ ልብስ እንዲሰፋ ታዝዛ ስለነበር እጅ ያስፈልጋታል፤ ቢሆንም ፊቷን አልፈታችላትም። «ሰኞ በሥራ መግቢያ ሰዓት ወንበሩ ላይ ካላገኘሁሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ፤ ፈላጊው እንደ አሸዋ ነው» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ እቤትም የራሷ የስፌት መኪና አላት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን አሮጌ መጋረጃ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። ፔዳሉን ስትረግጠው እናቷ «መጡብን! በሩን ዝጉ!» እያለች ትጮሃለች። ማን እንደመጣባቸው አይታወቅም። ስለዚህ በእጅ ብቻ፣ የሰፈሩን ቁልፍ እየተከለች፣ የሰፈሩን ዘርፍ እያጠፈች፣ ወንድሟ ትዝ ባለው ጊዜ በሚልከው እየደጎመች ኖረች። ዛሬ ጠዋት ሻንጣውን አሰናዳች። ከጀርባቸው ተከፍተው በቀጭን ማሰሪያ የሚታሰሩ፣ ራሷ የሰፋቻቸው ሰባት የሌሊት ልብሶች። ሁለት እሽግ ዳይፐር። መድኃኒቶቹ። አንድ የካርቶን ክዳን ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል፣ የትኛው ክኒን ስንት ሰዓት እንደሚዋጥ፣ በየስንት ሰዓቱ በየትኛው ጎን እንደምትገላበጥ፣ ከታች ደግሞ «ማታ ማታ መብራት አታጥፉባት፤ ትፈራለች» ብላ ጻፈች።

የወንድሟ ሚስት የመሥሪያ ቤቷን ሹፌር ልካላቸው ነበር፤ ሰውየው ጎልማሳና ትሁት ነው። ተሽከርካሪ ወንበሩን ልብስ ሰፊዋ መታወቂያዋን አስይዛ ከጤና ጣቢያው ተውሳዋለች፤ ከፊት ጎማዎቹ አንዱ ወደ ግራ ይጎትታል። አዳራሹ በር ላይ መጽሐፉ እንደ ጡብ ተደርድሯል፤ ዋጋው ስድስት መቶ። ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው በዳይፐር መነዘረችው፤ አንድ እሽግ ከነመልሱ ነው። ሽፋኑ ላይ የአሮጊት እጆች ፎቶ አለ፤ የተሸበሸቡ ግን ቀጥ ያሉ፣ ጥፍራቸው የተሞረደ ቆንጆ እጆች። የእናቷ አይደሉም። የእናቷ ጣቶች እንደ ዝንጅብል የተጣመሙ ናቸው። የወንድሟ ሚስት ከውስጥ ፈጥና መጣች፤ አማቷን ግንባሯ ላይ ሳመች፣ ነጭ ሻርፕ ደረበችላት፣ ወንበሩንም ከልብስ ሰፊዋ እጅ ተቀብላ ራሷ እየገፋች መድረኩ ሥር አደረሰቻት። «አንቺ፣ እህትዬ፣ እዚያ ጥግ ሁኚልኝ፤ ካሜራው ይጋርድበታል» አለች። ጥግ የተባለው የድምፅ ማጉያዎቹ ሽቦ የተከመረበት ነው። ልብስ ሰፊዋ የዳይፐር ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እግሮቿን ከሽቦው ላይ አንስታ ተቀመጠች።

አስተያየት ሰጪው ጸጉሩ የሸበተ ምሁር ነበር። ሀብት የሚለው ቃል ሽፋን ላይ ያልወጣበት የመጽሐፍ መደብር እንደሌለ፣ «ሀብቴ ነሽ» ሳይል ያረጀ ዘፋኝም እንደማይገኝ ተናገረ፤ ትናንት ማታ ብቻ በስልኩ ፈልጎ በዚሁ ርዕስ አሥራ ሰባት ዘፈን ቆጥሯል። በግዕዝ መዝገብ ማለት የሀብት ማከማቻ መሆኑንም አስታወሰ፤ ልብስ ሰፊዋ መዝገብ ሲል የታያት ካርድ ለማውጣት ከንጋት ጀምራ የምትሰለፍበት የጤና ጣቢያው መስኮት ነው። «በልጆች ተረት ሀብቱ ዋሻ ውስጥ ነው፤ በመርከበኞች ታሪክ ደሴት ላይ ነው፤ በዘፈን የፍቅረኛ ዓይን ውስጥ ነው» አለ ምሁሩ። «ደራሲያችን ግን ከቤቱ ጓዳ አገኘው። በሁሉም ታሪክ ሀብቱን የሚፈልግ ጀግና አለ፤ ሀብቱ ላይ ተጠምጥሞ የሚጠብቅ ዘንዶም አለ። እዚህ ግን ዘንዶ የለም። ፍቅር ብቻ ነው ያለው።» አዳራሹ አጨበጨበ። ቀጥሎ ባለጊታሩ ወጥቶ በመጽሐፉ ርዕስ የደረሰውን ዘፈን ተጫወተ፤ እናትየው አንገቷን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሰማችው። ከሁሉም አሥራ ስምንተኛው መሆኑ ነው።

ከዚያ ደራሲው ራሱ ማንበብ ጀመረ። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ልጅ ሳለም ግጥም ሲያነብ ሰው ያስለቅስ ነበር። ያነበበው ሌሊቱን ሙሉ እናቱ አልጋ አጠገብ ስለተቀመጠ ልጅ ነው። እዚያ ቤት አንዲት ሠራተኛ አለች። «ደህና ልጅ ነበረች፤ ልቧ ግን ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው» ይላል መጽሐፉ። ወተት እሳት ላይ ጥዳ ታሳርራለች። ጠርዙ በተሸረፈ ኩባያ ሻይዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ትቀራለች። «እሺ» ስትል ቃሉን ወደ ውጭ አታወጣውም፤ ትንፋሿን ወደ ውስጥ እየሳበች ነው የምትለው፣ የምትውጠው ይመስል። ልጁ እናቱን ሲያገላብጥ እሷ ከማድቤቱ ስታንኮራፋ ትሰማለች። እዚህ ላይ አዳራሹ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋም አብራ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ኩባያው የእሷ መሆኑ የገባት ያኔ ነው። ሰማያዊ ነጠላ ጫማ፣ ደረቷ ላይ የምትሰካው መርፌ፣ ትንፋሽ የተሳበበት እሺታ፣ ሁሉም አለ። ወንድሟ በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ምንም አላየም ብላ ነበር፤ ሁሉን አይቷል። ወተቱም ቢሆን በስልክ የነገረችው እውነት ነው፤ አንድ ቀን አርሯል። እናቷ ከአልጋ የወደቀች ቀን።

መድረክ መሪው ማይክራፎኑን ይዞ እናትየው ፊት ተንበረከከ። «እማማ፣ የእርስዎስ ሀብት ምንድን ነው?» እናትየው ማይክራፎኑን ትክ ብላ አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውን ከሰው፣ ጠዋትን ከማታ ሳትለይ የኖረች ሴት ናት። አሁን ግን ፊቷ በራ። «ጌትዬ» አለች። ጌትዬ የልጇ የቁልምጫ ስሙ ነው፤ ልብስ ሰፊዋን «አንቺ ልጅ» እያለች ነው የምትጠራት። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ደራሲው ከመድረኩ ወርዶ ጉልበቷ ላይ ተደፋ። የካሜራው ሰው እንባዋን ፍለጋ ዙሪያዋን ዞረ።

ጭብጨባው ሳያባራ ልብስ ሰፊዋ የእናቷን ፊት አይታ ነገሩ ገባት፤ ወንበሩን እየገፋች ወደ መጸዳጃ ቤት ይዛት ወጣች። ቧንቧው ውኃ አልነበረውም። እናቷን መታጠቢያው ላይ አስደግፋ በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው እየጠረገች፣ እየቀየረች ሳለ፣ ከመስተዋቱ ፊት ከንፈሯን የምትቀባ ሴት የውኃ ጠርሙሷን አቀበለቻት። ረጅም፣ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት፤ ክንዷ ሥር ሁለት መጽሐፍ ይዛለች። ሲጨርሱ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ የታጠፈ ኖት የልብስ ሰፊዋ ኪስ ውስጥ ከተተች። «ለሻይ ነው። በርቺ፤ አሁንማ እንዳንቺ ያለ ሠራተኛ የት ይገኛል» አለች። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ነው ያለችውን የሰማችው።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ ደራሲው ጠረጴዛ ተዘርግቶለት ይፈርማል፤ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ወንበሩን ከጎኑ አቁማ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ሠራተኛዋ ማናት?»

«የቷ ሠራተኛ?»

«ወተት የምታሳርረው።»

እየፈረመ ሳቅ አለ። «ልብ ወለድ እኮ ነው፣ እህት ዓለም። እህት ካስገባሁበት ወንድምየው ምን ይሠራል? ታሪኩ ይላላል።»

መላላት ምን እንደሆነ ለማወቅ ትምህርት አላስፈለጋትም። የላላ ልብስ ይጠብባል፤ የተቆረጠው እራፊ መሬት ይወድቃል፤ ማታ ተጠርጎ ይጣላል። «ይሁን» አለችው። «ሻንጣዋ መኪናው ውስጥ ነው። የክኒኖቹን ሰዓት ጽፌልሃለሁ። ዛሬ ትወስዳታለህ አይደል?» ደራሲው እስክሪብቶውን አቆመ። ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ማክሰኞ ከቴሌቪዥን እንደሚመጡ፣ ማየት የሚፈልጉትም ጓዳውን፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ያንኑ አልጋና ያንኑ መስኮት እንደሆነ ነገራት። «እሷን ሦስተኛ ፎቅ አውጥቼ ሶፋ ላይ ካስቀመጥኳት ምኑን ይቀርጻሉ? ሀብቱ ከጓዳው ከወጣ እኮ ታሪክ የለም። ሁለተኛው እትም እስኪወጣ ብቻ ታገሺኝ።» ነገ ሥራ እንደምትገባ ነገረችው። «ሥራው የት ይሄድብሻል?» አለና ለሚቀጥለው ሰው እጁን ዘረጋ።

ልብስ ሰፊዋ በዕድሜዋ ከሦስት ሰው በላይ ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም። ቀና አለች፤ ድምፅዋ ራሷ ካሰበችው በላይ ወጣ። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች ወደ ሰልፉ። «እኔ እህቱ ነኝ። ወንድሜ ከዛሬ ጀምሮ እናታችንን ቤቱ ወስዶ ሦስት ወር ሊያስታምማት ቃል ገብቷል። መርቁት።» ጭብጨባው ከቅድሙ በረታ። አንድ ሽማግሌ «ተባረክ! ዘርህ ይባረክ!» አሉ። ስልኮች ወደ ላይ ተነሱ። ያቺ ውኃ የሰጠቻት ረጅም ሴት ብቻ አላጨበጨበችም፤ ፊቷ ቀልቶ ጫማዋን ታያለች። ደራሲው ፈገግ እንዳለ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ የካርቶኑን ክዳን ከቦርሳዋ አውጥታ ከሚፈርማቸው መጻሕፍት ላይ አኖረችለት፣ የእናቷን ሻርፕ አስተካከለች፣ ዞር ብላም ሳታይ ወጣች። ካየች እንደምትመለስ ታውቃለች።

ቤት ስትገባ ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም። ክፍሉ ሰፋባት። አልጋው ላይ የእናቷ ሰውነት የሠራው ጎድጓዳ አለ፤ አንሶላውን ሳትነካ አልፋው መስኮቱን ከፈተች። ምን እንደሚደረግ አላወቀችም። ልታጥብ አስባ የሚታጠብ አጣች፤ ልትተኛ አስባ ቆማ ቀረች። በመጨረሻ መጋረጃውን ከስፌት መኪናው ላይ ገፈፈችው። አቧራውን ጠረገች፣ ዘይት አንጠባጠበችበት፣ ክሩን በመርፌው ዓይን በሦስተኛው ሙከራ አሾለከች፤ ዓይኗ ደክሟል። ፔዳሉን ስትረግጠው ጩኸት ጠበቀች። ማንም አልጮኸም። ከሣጥኗ ያወጣችውን ሰማያዊ ጨርቅ ቀድዳ ለነገ የሥራ ሽርጥ መስፋት ጀመረች፤ ሁለት ኪስ፣ አንዱ ለመቀስ፣ አንዱ ለጠመኔ። መኪናው እየሞቀ ሲሄድ ድምፁ ለሰሰ። እጇ ያልረሳውን ነገር ስታይ ብቻዋን ሳቀች፤ ጎረቤቷ ሳቁን ሰምታ ግድግዳውን ብትደበድብም አልመለሰችላትም። ሁለተኛውን ኪስ ጨርሳ ማሰሪያውን ስትገጥም ደጃፉ ላይ መኪና ቆመ።

ሹፌሩ እናትየውን እንደ ሕፃን ታቅፏት ነበር። ነጩ ሻርፕ የለም። ቀሚሷ ከወገብ በታች ርሷል። አልጋው ላይ አስቀምጧት ላቡን እየጠረገ፣ ዓይኑን ከልብስ ሰፊዋ አሸሸ። «ምን ላድርግ፣ እህቴ፣ ታዝዤ ነው። ሊፍቱ ውስጥ ጮሁ። ቤት አስገብተናቸው ሶፋው ላይ አመለጣቸው። ከዚያ እሜቴ፣ ‹ቤቷን ለምዳ ነው፣ አታሰቃያት፣ መልሳት› አሉኝ።»

«እሱስ?»

«ጋሼ ከአዳራሹ በቀጥታ ከእንግዶቻቸው ጋር ወጡ። ቤት አልመጡም።»

«እህል ቀምሳለች?»

«ኧረ ውኃም አልነኩ።»

ተሽከርካሪ ወንበሩንና ሻንጣውን አምጥቶ በሩ ሥር አኖረ፤ የሻንጣው ዚፕ አልተከፈተም። ከላዩ መጽሐፉ አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቆንጆ የእጅ ጽሕፈት «ለውድ እህቴ፣ ከአክብሮት ጋር» ይላል። የካርቶኑ ክዳን አብሮ አልመጣም። ልብስ ሰፊዋ እናቷን አጠበች፣ ቀየረች፣ ቁስሉን አየች። በአንድ ቀን መቀመጥ ብቻ እንደገና ደም አዝሏል። ቀባችው። ከዚያ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆማ ለስፌት ቤቱ ባለቤት ደወለች፤ ነገ መግባት እንደማትችል፣ እናቷን የሚያይላት ሰው እንዳጣች፣ አንድ ሳምንት ብቻ እንድትታገሣት እንደምትለምናት ተናገረች።

«የትኛዋን እናትሽን?» አለች ባለቤቲቱ። «ጠዋት በሬዲዮ ስሰማ አልነበር እንዴ? ወንድምሽ አይደል ጀርባዋን እየቀባ የሚያድረው? እንዲህ ያለ ወንድም እያለሽ…! ስሚ፣ የኔ እህት፣ ከደከመሽ ደክሞኛል በይ፤ ሰው ነሽ፣ አልቀየምሽም። በእናትሽ ግን አታመካኚ። ነውር ነው።» ስልኩ ተዘጋ።

ሽርጡን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አስገባችው፤ አንደኛው ማሰሪያ እንዳልተገጠመ ነው። የስፌት መኪናውን መጋረጃ አለበሰችው። ሾርባ አሙቃ፣ ትራሱን ከፍ አድርጋ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ክኒኑ በባዶ ሆድ አይሰጥም። እናቷ ግን ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አልበላም። ጠግቤያለሁ። ልጄ ቤት እኮ ነው የዋልኩት። ሥጋ በሥጋ አድርጎ አበላኝ፣ በእጁ አጎረሰኝ። አንቺ ልጅ፣ ተይኝ ወዲያ።» ልብስ ሰፊዋ ለመነች፤ አባበለች፤ ማንኪያውን ከንፈሯ ላይ አሳረፈች። ሾርባው በአገጯ ወርዶ ንጹሑን ልብስ አበላሸ። ሁለተኛ ቀየረቻት። ሾርባውን ሁለተኛ አሞቀችው። ከውጭ የማታው ብርሃን እየሳሳ፣ የልጆች ጩኸት ወደየቤቱ እየገባ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ማንኪያውን እንደገና ሞላች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ ከደረቷ ጎርነን ያለ ድምፅ አወጣች።

«እማ፣ እኔ ነኝ።»

እናትየው ፊቷን መለሰች። «ጌትዬ?»

«አዎ፣ እማ። አንዴ ብቻ ቅመሺልኝ።»

አፏ ተከፈተ። ሳህኑ እስኪራቆት በላች፤ ክኒኑንም ሳታንገራግር ዋጠች። ስትጨርስ የተጣመመ እጇን አንስታ፣ ቀረብ በል አለች፤ ሚስጥር እንዳላት ሰው ወደ በሩ አየች።

«እህትህን አግኝተሃታል?»

«የቷን እህቴን?»

«እህትህን ነዋ። ልብስ የምትሰፋዋን።» እናትየው ራሷን ነቀነቀች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይኸው ስንት ዓመቴ ከወደቅሁ። አንድ ቀን መጥታ አይታኝ አታውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ አገጯን በፎጣ ጠረገችላት፣ ትራሱን ዝቅ አደረገች፣ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ሳበችላት።

«ሥራ በዝቶባት ነው፣ እማ» አለች፣ ድምፅዋን እንዳጎረነነች።